እኩል የሚመታ ልብ

ስኳር ያለበት ሰው ቤታችሁ ካለ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የደም ግፊቱ ቆሞ ተለክቶ ያውቃል? ተቀምጦ አላልኩም። ቆሞ።

የአባቴ ለብዙ ዓመታት ቆሞ ተለክቶ አያውቅም ነበር። ጡረታ የወጣ መምህር ነው። ቀጠሮ አያሳልፍም፣ መድኃኒቱን አይዘነጋም፣ የስኳሩን ልኬት በደብተር ይጽፋል። በየቀጠሮው ስኳሩ ይታያል፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ ግፊቱ ይለካል፣ ኩላሊቱ ይመረመራል፣ ዓይኑም ይታያል። እግሩን ገልጠው የሚያዩለት ጎበዝ ነርሶችም አሉ። ልቡን የሚያዝዙት ነርቮች ግን ለማንም ትዝ ብለው አያውቁም። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ምርመራ ውድ መሣሪያ የማይፈልግ መሆኑ ነው። አልጋ፣ የግፊት መለኪያና ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። ትንሽ ጠለቅ ማለት ከተፈለገ ደግሞ የልብን ኤሌክትሪክ የሚመዘግበው የኢሲጂ ማሽን፣ እሱም በየሆስፒታሉ ያለ ነገር ነው።

ምልክቱ እኮ ነበር። "ስነሳ ዓይኔን ያጨልመኛል" ይል ነበር አባዬ። ጠዋት ከአልጋ ሲወርድ ያዞረዋል። ቁርስ በልቶ ሲነሳ ይብስበታል። ከሁሉም በላይ እሑድ ቅዳሴ ላይ፣ መቋሚያውን ተደግፎ እንኳ፣ አንገቱና ትከሻው ላይ የሚከብድ ሕመም ይይዘውና ቁጭ ሲል ይለቀዋል። መልሱ ሁሌም አንድ ነው፤ ዕድሜ ነው፣ ድካም ነው፣ ውኃ ጠጣ። የልብ ምቱ ተኝቶም ተቀምጦም በደቂቃ 96 አካባቢ ነው። አንድ ክሊኒክ ውስጥ ምቱን የቆጠረ ባለሙያ "ልብዎ በጣም ጥሩ ነው፣ ዝንፍ አይልም" አለው። ቤተሰቡ በሙሉ ደስ አለው።

ዝንፍ አለማለቱ ነበር በሽታው።

ነገሩን የደረሰችበት አንዲት ወጣት ሐኪም ናት። "አባባ፣ እዚህ ጋደም ይበሉልኝ" አለችው። ጥቂት አስተኝታ ለካችው፤ 148 በ82፣ ምቱ 96። ከዚያ አስነሳችው። አንድ ደቂቃ ላይ ለካች፣ ሦስት ደቂቃ ላይ ደገመች። 112 በ68። ምቱ 98። እኔ የላይኛው ቁጥር እንደዚያ ቁልቁል መውረዱ ነበር ያስደነገጠኝ። እሷ ግን ጣቷን ምቱ ላይ አድርጋ "እኔን ያሳሰበኝ ይሄኛው ነው" አለች።

ሰው ሲቆም ግማሽ ሊትርና ከዚያ በላይ ደም ወደ እግሩና ወደ ሆዱ ይወርዳል። አንገት ላይ ባሉት ትልልቅ የደም ሥሮችና ከልብ በሚወጣው ትልቁ ሥር ላይ ግፊቱ መቀነሱን የሚያውቁ የነርቭ ጫፎች አሉ። ወሬውን ወደ አንጎል ያደርሳሉ፣ አንጎልም ወዲያው የደም ሥሮችን ያጠብባል፣ የልብ ምትንም ከፍ ያደርጋል። ሁሉም በሰከንዶች ያልቃል፣ እኛ አናውቀውም። ከቆሙ በኋላ በሦስት ደቂቃ ውስጥ የላይኛው ግፊት በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ሐኪሞች ችግር አለ ይላሉ። ግን የወረደበት ምክንያት ይለያያል። ውኃ ያጠረው ወይም ደም የፈሰሰው ሰው ልቡ ጉድለቱን ለመሙላት ይሮጣል፣ ምቱ በ20 በ30 ይጨምራል። የአባቴ ግፊት በ36 ወርዶ ምቱ የጨመረው 2 ብቻ ነው። አንጎሉ ትእዛዙን ልኳል፣ ልቡ ግን አልሰማም። መሐል ላይ ያለው ነርቭ ተጎድቷል።

እነዚህ ነርቮች ኦቶኖሚክ ይባላሉ። እኛ ሳናዛቸው ልብን፣ ጨጓራን፣ ላብን፣ ፊኛን የሚያስተዳድሩት ናቸው። በሁለት ይከፈላሉ፤ ሲምፓቴቲክ የሚባሉት ያፈጥናሉ፣ ፓራሲምፓቴቲክ የሚባሉት ያረጋጋሉ። የሁለተኛዎቹ ትልቁ ቫገስ የሚባለው ነርቭ ነው። ከአንጎል ሥር ተነሥቶ በአንገት በኩል ደረት ይገባል፣ ልብን ይነካል፣ እስከ ሆድ ይወርዳል።

ልብ ብቻውን ቢተው ምን ያደርጋል? ይሄ ጥያቄ እኔን በጣም ነው የሳበኝ። የልብን ኤሌክትሪክ የሚያስነሣው ሳይነስ ኖድ የሚባል ትንሽ የሴሎች ስብስብ ነው፤ በቀኝ የላይኛው ክፍል ግድግዳ ላይ ይገኛል። አርተር ኪዝና ማርቲን ፍላክ ናቸው እንግሊዝ ውስጥ በ1907 ለዓለም ያስተዋወቁት (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶችና ቀኖች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። እነዚህ ሴሎች የማንንም ትእዛዝ አይጠብቁም። ኤሌክትሪካቸው ቀስ እያለ በራሱ ይሞላል፣ ልኩ ላይ ሲደርስ ይተኩሳል፣ እንደገና ይጀምራል። ፍጥነታቸው በአንድ ወጣት ሰው በደቂቃ 100 ገደማ ነው፣ ከዕድሜ ጋር ቀስ በቀስ ይቀንሳል። ይህን በግልጽ የሚያሳዩን ልብ የተተካላቸው ሰዎች ናቸው። ክርስቲያን ባርናርድ በታኅሣሥ 3 ቀን 1967 ኬፕታውን ላይ የመጀመሪያውን የሰው ልብ ንቅለ ተከላ ካደረገ ወዲህ ሐኪሞች አንድ ነገር ደጋግመው አይተዋል። ልቡ ከለጋሹ ሲወጣ ነርቮቹ ይቆረጣሉ። ስለዚህ አዲስ ደረት ውስጥ ሲገባ፣ ባለቤቱ ተኝቶ እያለ እንኳ፣ ከ90 እስከ 110 ይመታል። ደረጃ ሲወጣ ቶሎ አይፈጥንም፤ ልብን የሚያፈጥነው ሆርሞን፣ አድሬናሊን፣ በደም ተጉዞ እስኪደርስለት ይጠብቃል። ሰውየው ቁጭ ካለ በኋላም ቶሎ አይረጋጋም።

እንግዲህ የእናንተ ልብ በእረፍት ጊዜ 65 ወይም 70 የሚመታ ከሆነ የያዘው አለ ማለት ነው። ቫገስ ነው ልጓሙን ሳብ አድርጎ የሚይዘው። የአባዬ 96 የጥንካሬ ምልክት አልነበረም፣ ልጓሙ ስለላላ ነው።

ቫገስ ልብን በምን እንደሚይዘው የታወቀበት መንገድ ደስ የሚል ታሪክ አለው። ኦቶ ሎዊ የሚባል ሳይንቲስት ኦስትሪያ ውስጥ፣ ግራትዝ ከተማ፣ አንድ ሌሊት በሕልሙ የሙከራ ሐሳብ ይመጣለታል። ተነሥቶ ወረቀት ላይ ጭሮ ተመልሶ ይተኛል። ጠዋት ጽሑፉን ማንበብ አቃተው። ቀኑን ሙሉ ሲብሰለሰል ውሎ በሚቀጥለው ሌሊት ሕልሙ ተመለሰለት፤ ያኔ አልተኛም፣ በቀጥታ ወደ ላቦራቶሪው ሄደ። የአንድ እንቁራሪትን ልብ ከነቫገሱ አውጥቶ ጨው ያለው ፈሳሽ ውስጥ አደረገ፣ ነርቩን በኤሌክትሪክ ነካካው፣ ልቡ ቀስ አለ። ከዚያ ያንን ፈሳሽ ወስዶ ሌላ ልብ ላይ ጨመረው። ሁለተኛውም ቀስ አለ፣ ማንም ነርቩን ሳይነካው። ነርቭ ልብን የሚያናግረው በኬሚካል ነው ማለት ነው። ውጤቱን በ1921 አሳተመ፣ በ1936 ከሄንሪ ዴል ጋር ኖቤል ተሸለመበት። ያ ኬሚካል ዛሬ አሴቲልኮሊን ይባላል። ሳይነስ ኖድ ላይ ሲያርፍ ፖታሲየም ከሴሎቹ እንዲወጣ በር ይከፍታል፣ ኤሌክትሪኩ እስኪሞላ ጊዜ ይፈጃል፣ ምቱ ይዘገያል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው በአንድ ምት ውስጥ ነው። የሲምፓቴቲኩ መልስ ሰከንዶች ይፈጃል፣ ቫገስ ግን ቅጽበታዊ ነው። በዚህ ምክንያት ጤነኛ ልብ ከትንፋሽ ጋር አብሮ ይለዋወጣል። ወደ ውስጥ ስትስቡ ይፈጥናል፣ ስታስወጡ ይዘገያል። አሁኑኑ ጣታችሁን አንጓችሁ ላይ አድርጋችሁ በጥልቀት ቀስ ብላችሁ ተንፍሱ፤ በተለይ ወጣት ከሆናችሁ ልዩነቱ ይሰማችኋል። ምቱ እኩል አለመሆኑ ነው ጤናው። ምርመራውም ይኸው ነው። ሰውየው ኢሲጂ ላይ ሆኖ በደቂቃ ስድስት ጊዜ በጥልቀት ይተነፍሳል፣ በሚስብበትና በሚያወጣበት መካከል ያለው የምት ልዩነት ይሰላል። ልዩነቱ 15 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ከ10 በታች ከሆነ ነርቩ ተጎድቷል፤ ዕድሜም ከግምት ይገባል። ዴቪድ ኢዊንግና ቤዚል ክላርክ የሚባሉ የኤድንብራ ሐኪሞች ይህንና መሰሎቹን የአልጋ ዳር ምርመራዎች አሰባስበው ካስተዋወቁ ከአርባ ዓመት በላይ ሆነ። የአባዬ ልዩነት 3 ነው የመጣው።

ስኳር ለምን ቫገስን ቀድሞ ያገኘዋል? የበዛ ስኳር ነርቮቹንም፣ ነርቮቹን የሚመግቡትን ቀጫጭን የደም ሥሮችም ይጎዳል። ረጃጅሞቹ ነርቮች ቀድመው ይጎዳሉ። እግር ቀድሞ የሚደነዝዘውና የሚያቃጥለው ለዚህ ነው። ቫገስም ረጅም ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚላላው እሱ ሲሆን ምቱ ከፍ ብሎ ይቀራል። ምግብ ጨጓራ ውስጥ አልወርድ ማለቱ፣ ሁለት ጉርሻ ጎርሶ "ጠገብኩ" ማለቱ፣ ላቡ ከላይ ብቻ መሆኑ፣ ሁሉም ከአንድ ምንጭ ሊሆኑ ይችላሉ። እኛ እያንዳንዱን ለብቻው ይዘን በየክሊኒኩ ስንዞር ነበር።

ዓመታት ሲሄዱ ሲምፓቴቲኮቹም ይከተላሉ። ያኔ ነው ስንቆም የደም ሥሮች መጥበብ የሚያቅታቸው። ያኔ የሚፈጠረው የኤሌክትሪክ ችግር ደግሞ ከምት ፍጥነት ያለፈ ነው። ጉዳቱ የልብን ጡንቻ በአንድ ጊዜ እኩል አይነካም። ከግራው ታችኛ ክፍል ጫፍ አካባቢ ይጀምራል፣ የዚያው ክፍል ላይኛው ወገን ነርቮቹን ይዞ ይቆያል። አንድ ጡንቻ ሁለት ዓይነት ትእዛዝ ይደርሰዋል ማለት ነው። ከእያንዳንዱ ምት በኋላ ጡንቻው ኤሌክትሪኩን መልሶ ለቀጣዩ መዘጋጀት አለበት። ይህ ጊዜ ኢሲጂ ላይ ኪውቲ በሚባል ርዝመት ይለካል። ነርቩ ሲጎዳ ኪውቲ ይረዝማል፣ ከቦታ ቦታም ይለያያል። አንዱ ክፍል ሲዘጋጅ ሌላው ገና ከሆነ ደግሞ አደገኛ የምት መዛባት መነሻ ያገኛል፣ ድንገተኛ ሞትም ሊመጣ ይችላል።

እዚህ ላይ አደራ የምለው ስለ መድኃኒት ነው። ኪውቲን የሚያረዝሙ መድኃኒቶች ብዙ ናቸው፣ አንዳንዶቹም ከመድኃኒት ቤት በቀላሉ የሚገዙ ናቸው። አዚትሮማይሲን፣ ኤሪትሮማይሲን፣ ሲፕሮፍሎክሳሲን አሉበት። ለወባ የሚሰጡት ክሎሮኪንና ኪኒን አሉበት። ለማቅለሽለሽ የሚሰጠው ዶምፔሪዶን አለበት። ለእግር ማቃጠል የሚታዘዘው አሚትሪፕቲሊን ደግሞ ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ያደርጋል። የቫገስን ኬሚካል ይከለክላል፣ ሲቆሙ ግፊትን ያወርዳል፣ ኪውቲንም ያረዝማል። ለስንቱ ስኳር ታማሚ ነው ግን የልቡ ነርቭ ሳይታይ የሚሰጠው? መድኃኒቱ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፣ ለብዙ ሰው ትክክለኛ መፍትሔ ነው። አባዬ ግን ሲወስደው ነበር፣ ማዞሩ የባሰበትም እሱን ከጀመረ ወዲህ ነው። ሐኪሟ ቀስ በቀስ አስቆመችውና በሌላ ተካችለት። ለፕሮስቴት የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶችም ሲቆሙ ግፊት ያወርዳሉ። እንግዲህ ማንም በገዛ እጁ መድኃኒት አያቋርጥ፤ የሚወስደውን ሁሉ ግን በላስቲክ ጠቅልሎ ይዞ ሄዶ ሐኪሙ ፊት ይዘርግፈው።

ሌላው የሚያስፈራኝ ሕመም አልባው የልብ ድካም ነው፤ ማለቴ የልብ ደም ሥር ተዘግቶ ሰውየው ደረቱን የማያመው። የልብን ሕመም ወደ አንጎል የሚያደርሱት ነርቮች ከሲምፓቴቲኮቹ ጋር አብረው ነው የሚሄዱት፣ አብረውም ይጎዳሉ። ስለዚህ ስኳር የቆየበት ሰው ድንገት ትንፋሽ ካጠረው፣ በላብ ከተጠመቀ፣ ካስመለሰው፣ ያለ ምክንያት ከዛለ "ደረቱን አላመመውም እኮ" ብሎ ማደር አይገባም። በዚያው ሌሊት ኢሲጂ ይነሣ።

ስለ ነርቭና ልብ ስናወራ ሰው የሚያውቀው ራስ መሳትን ስለሆነ ጥቂት ልበል። ትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ ፀሐይ መትቷት የምትወድቅ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ችግሯ ተቃራኒው ነው። ቫገሷ ጤነኛ ነው፣ ለአፍታ ከልክ በላይ ይሠራል፣ ምቷ ይዘገያል፣ አንዳንዴም ለሰከንዶች ይቆማል፣ የደም ሥሮቿም ይለጠጣሉ። አንጎል ደም ሲያጣ እጅና እግር ሊንቀጠቀጥ ይችላል። ያኔ ነው የሚጥል በሽታ ነው ተብሎ ክብሪት አፍንጫ ሥር የሚጫረው። ማስተኛትና እግሯን ከፍ ማድረግ ይበቃ ነበር። ግን በሩጫ መሐል ወይም በድንጋጤ ራሱን የሚስት ወጣት፣ በተለይ ቤተሰቡ ውስጥ ድንገት የሞተ ወጣት ካለ፣ ኪውቲው መታየት አለበት። በትውልድ የረዘመ ኪውቲ ያለባቸው ሰዎች የሚጥል በሽታ አለባቸው ተብለው ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ።

ከኮቪድ ወዲህ ደግሞ ስትቆም ግፊቷ ሳይወርድ ምቷ ብቻ በ30 እና ከዚያ በላይ የሚጨምር ብዙ ወጣት ሴት አለች። ፖትስ ይሉታል። እሱ ለብቻው ጽሑፍ ይፈልጋል።

ወደ አባዬ ልመለስ። የሞተ ነርቭ በቀላሉ አይመለስም፣ ሐኪሟም ይህን አልደበቀችንም። ማዘግየት ግን ይቻላል። በአሜሪካና በካናዳ 1,441 ዓይነት አንድ የስኳር ታማሚዎችን የተከታተለውና በ1993 የታተመው ጥናት፣ ስኳርን ከጅምሩ አጥብቆ መቆጣጠር የልብንም ነርቮች ጉዳት እንደሚያዘገይ አሳይቷል። ለዓይነት ሁለት ታማሚ ግን ስኳርን መቆጣጠር ብቻውን በቂ አይደለም። ዴንማርክ ውስጥ በ160 ሰዎች ላይ የተደረገው ስቴኖ ሁለት የሚባለው ጥናት ስኳሩን፣ ግፊቱን፣ ኮሌስትሮሉን፣ እንቅስቃሴውንና ሲጋራውን አንድ ላይ ሲይዝ ነው የኦቶኖሚክ ጉዳቱ የቀነሰው። ማጣራቱም ቶሎ ነው መጀመር ያለበት፤ በዓይነት ሁለት በሽታው ከታወቀበት ጊዜ አንሥቶ፣ በዓይነት አንድ ከአምስት ዓመት በኋላ።

የዕለት ተዕለቱ ነገር ቀላል ነው፣ ለውጡ ግን ትልቅ ነው። ከአልጋ ሳይወርድ ሁለት ብርጭቆ ውኃ ይጠጣል፤ ውኃው ብቻውን በደቂቃዎች ውስጥ ግፊቱን ከፍ ያደርግለታል። አልጋው ጫፍ ላይ ትንሽ ይቀመጣል። በራስጌ በኩል የአልጋውን እግሮች በብሎኬት ከፍ አድርገናል፣ ምክንያቱም እንዲህ ያለ ሰው ሲቆም የሚወርድበት ግፊት ሲተኛ ይወጣበታል። ምግቡን አነስ አነስ አድርጎ ደጋግሞ ይበላል። ሌሊት ሽንት ቤት ቁጭ ብሎ ነው የሚሸናው። የግፊት መድኃኒቱን ሰዓት ሐኪሟ አስተካከለችው። ቅዳሴ ላይ ሲያጨልመው እግሮቹን አጠላልፎ ጭኑን ያጠብቃል፣ ካልሆነ ይቀመጣል። የዓይን ሞራ ግርዶሽ ቀዶ ሕክምና ሲቀጠርለትም ማደንዘዣ የሚሰጠው ባለሙያ ስለ ነርቩ እንዲያውቅ ወረቀት ጻፈችለት፣ ምክንያቱም እንዲህ ያለ ልብ ማደንዘዣ ላይ ግፊቱን በቶሎ አያስተካክልም።

የቀረን ትልቁ ክርክር ጾም ነበር። ስኳር ሲወርድ ጤነኛ ሰው ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ልቡ ይደልቃል። ማስጠንቀቂያው ይህ ነው። ነርቩ የተጎዳ ሰው ብዙ ጊዜ ይህ አይሰማውም፣ ሳያውቀው ራሱን ሊስት ይችላል። በዚያ ላይ የስኳር መውረድ ራሱ አድሬናሊን ያስረጫል፣ የደም ፖታሲየምን ይቀንሳል፣ ኪውቲን የበለጠ ያረዝማል። ኢንሱሊን ወግቶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድ መዋል ለአባዬ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። እኔ ብነግረው አይሰማኝም፣ ስለዚህ ሐኪሟ ለንስሐ አባቱ ደወለችላቸው። "ልጄ፣ ለታመመ ሰውማ ቤተ ክርስቲያንም ታዝናለች፤ በሰዓቱ ይብላ" አሏት። አባዬ ሁዳዴን ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሽሮውን እየበላ ጾመ። ከመብላቱ በፊት ስኳሩን ይለካል። ግፊቱንም ተኝቶና ቆሞ ለክቶ ደብተሩ ላይ በሁለት ዓምድ ይጽፈዋል፣ ለሚቀጥለው ቀጠሮ።